የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቅርጹን የሚለዋውጥ ተዋጊ ጄት መገጣጠም ለጀመሩ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ማክሮስ የተሰኘ የካርቱን ተከታታይ ፊልም ያስተዋወቃቸውን የቫልኪሪ ጄቶች ይመለከታሉ። ሾጂ ካዋሞሪ የነደፈው ቪኤፍ-1 የአሜሪካውን ኤፍ-14 የሚመስል ጄት ነው። እግሩንና ክንዱን ብቻ ሲያወጣ ገርዎክ፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ባትሮይድ የሚባል ሮቦት ይሆናል።

ጥያቄ፦ እህቴ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች። ቪኤፍ-1 እንድታመጣልኝ ልጠይቃት ነው፤ ከዚህ በፊት ግን ሞዴል ገጣጥሜ አላውቅም። የትኛውን ልምረጥ? አብሮትስ ምን ይምጣ?
— ጀማሪ፣ ከገርጂ

መልስ፦ የጃፓኑ ሀሴጋዋ ኩባንያ 1/72 ኪቶች (ከጄቱ ሙሉ መጠን 72 ጊዜ ያነሱ፣ ተበታትነው በሣጥን የሚመጡ ሞዴሎች) ቅርጻቸውን አይለውጡም። ጄቱ፣ ገርዎኩና ባትሮይዱ ለየብቻ ይሸጣሉ፤ ሙጫና ቀለምም የግድ ይላቸዋል። በጣም ያማሩ ናቸው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ሌላ ነው። የባንዳይ 1/72 ተለዋዋጭ ኪቶች በአንድ ሣጥን ሦስቱንም ቅርጽ ይሰጣሉ፤ ክፍሎቹ ቀለማቸውን እንደያዙ የተቀረጹ ስለሆኑ ያለ ሙጫ ተጭነው ይገጥማሉ። የዚሁ ኩባንያ ኤችጂ የተባሉ የ1/100 ኪቶች ደግሞ ቅርጹ ሲለወጥ አንዳንድ ክፍሎችን አውጥቶ በሌላ በመተካት ይሠራሉ፤ ስለዚህ የሚላላና የሚሰበር ማጠፊያ ያንሳቸዋል። ለጀማሪ የምንመክረው ይህንን ነው። ልብዎ ትልቁ ላይ ከሆነ የ1/72ቱ ቪኤፍ-1 በጄት ቅርጹ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል።

ለእህትዎ የሚላከው ዝርዝር አጭር ይሁን፦ ቀጭን ኒፐር (ክፍሎቹን የሚቆርጥ ትንሽ ጉጠት)፣ ስለቱ የሚቀየር ቢላ፣ 400፣ 600፣ 800 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ የሞዴሉን የገጽ መስመሮች የሚያጎላ ግራጫ የመስመር ብዕር። ቢላው፣ ኒፐሩና ወረንጦው በእጅ ሻንጣ አይግቡ። የሚረጭ የቆርቆሮ ቀለም፣ የላከር ቲነርና የፕላስቲክ ሙጫ ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በየትኛውም ሻንጣ በአውሮፕላን መጫን አይፈቀድም። ቀለም ካስፈለገ በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ይምጣ፤ ጠርሙሱ ላይ የተቀጣጣይ ምልክት አለመኖሩ ይታይ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የአየር ብሩሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ) ኮምፕሬሰር የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ እዚህ 220 ላይ ቢሰኩት ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ክፍሎቹን ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም ሲቆርጥ የተቆረጠበት ቦታ ነጭ ይሆናል፤ አንዳንዱም ተቦድሶ ይቀራል። መቁረጫው ነው ወይስ አቆራረጡ?
— እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አቆራረጡ ነው። ኒፐር ፕላስቲኩን ከመቁረጡ በፊት ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውና የተለጠጠው ፕላስቲክ ነው ነጭ የሚሆነው። ስለዚህ በሁለት ጊዜ ይቁረጥ። መጀመሪያ ከክፍሉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይቁረጥና ክፍሉን ከፍሬሙ ነፃ ያውጣ። ቀጥሎ የኒፐሩን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ክፍሉ አዙሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር አስቀርቶ ይቁረጥ። የቀረችውን ጉብታ በ400 ጀምሮ በ800 መጨረስ ነው። ቢላው ላይ እርስዎ አጠገቡ ይሁኑ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ግን ራሱ ይዞ ይሥራ። የነጣው ቦታ ጥልቅ ካልሆነ በጥፍር ጠንከር አድርጎ ሲታሽ ይደበዝዛል።

አንድ ነገር በተለይ ይንገሩት፦ ማጠፊያ ፒን ላይና ፒኑ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ጉብታ እንዳይቀር። ሌላ ቦታ የቀረ ጉብታ ዓይን ነው የሚያስቀይመው፤ ፒን ላይ የቀረው ግን ቅርጹ ሲለወጥ ቀዳዳውን ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ ቪኤፍ-1ን በነጭና በቀይ ቀለም ረጭቼ ጨረስኩ። ገና የመጀመሪያውን ለውጥ ሳደርግ የእግሮቹ ውስጠኛ ጎንና የአፍንጫው ዳርና ዳር ተፋቀ። ቀለሙ ነው መጥፎ?
— ዳዊት፣ ከዱባይ

መልስ፦ ቀለሙን አይውቀሱ፤ ቦታ ነው የጠፋው። ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መሠረት)፣ ቀለምና ቫርኒሽ ሲደራረቡ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ። የሚነካኩት ሁለት ገጾች ስለሆኑ ውፍረቱ እጥፍ ይሆናል። የኪቱ ክፍተት የተለካው ደግሞ ላልተቀባ ፕላስቲክ ነው። በብሩሽ ለሚቀባ ሰው ይብሳል።

ስለዚህ ሥራው ከቀለም በፊት ይጀምራል። ኪቱን ሙሉ በሙሉ ያለ ቀለም ይገጣጥሙ። ከዚያ የሚጠረጠሩትን ገጾች ሁሉ ለስለስ ባለ እርሳስ ያጥቁሩ። በቪኤፍ-1 ላይ እነዚህ የታወቁ ናቸው፦ ክንዶቹ በጄት ቅርጽ በሁለቱ እግሮች መሐል ተሸጉጠው ስለሚቀመጡ የእግሮቹ ውስጠኛ ጎንና የክንዶቹ ውጪ፤ ክንፉ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የሚገባበት ስንጥቅ፤ እግሮቹ ወደ ፊት መጥተው የሚያያዙበት የአፍንጫው ጎን፤ ባትሮይድ ሲሆን የአብራሪውን መስታወት የሚሸፍነው ክዳን። ከጄት ወደ ባትሮይድ፣ ከባትሮይድ ወደ ጄት ሁለት ጊዜ ይመላልሱት። እርሳሱ የለቀቀበት ቦታ ሁሉ ቀለሙም የሚለቅበት ነው።

እነዚያን ቦታዎች በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። መቼ ማቆም እንዳለብዎ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይነግርዎታል፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ገጽ የሚቀባ ከሆነ ሁለት ወረቀት ተደርቦ ሳይቀደድ በመሐላቸው ማለፍ አለበት፤ አንዱ ገጽ ብቻ ከሆነ አንድ ይበቃል። ፒንና የፒን ቀዳዳ ግን አይፈገፈጉም፣ አይቀቡምም። ፒኑን በወረቀት ፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ቀዳዳውን በቁራጭ ስፖንጅ ይድፈኑ፣ ከዚያ ይርጩ።

ከተረጨ በኋላ የሚጣደፉ ብዙዎች ናቸው። ላከር ቢያንስ 24 ሰዓት፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ሁለት ሦስት ቀን፣ ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ሳምንት ይፈልጋል። አፍንጫዎን አስጠግተው ሲያሸቱት ቀለም ቀለም የሚል ከሆነ ገና ነው። በክረምት አዲስ አበባ ለሚረጩ አንባቢዎችም እንጨምር፦ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ላከር አይረጭም። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱ እዚያ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀርና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

ከዚህም ሁሉ በኋላ ወፍራም ቀለም የማይችሉ ቦታዎች ይኖራሉ። እነሱን በፕላስቲኩ የራሱ ቀለም መተው ይሻላል። ነጭ ኪት በነጭ ፕላስቲክ ነው የሚመጣው፤ ደብዛዛ ቫርኒሽ በስሱ ከላይ ሲረጭበት ያልተቀባው ቦታ ከተቀባው ጋር ይቀራረባል። አሁን እጅዎ ላይ ያለውን ግን ሙሉ በሙሉ አይላጡት፤ የተፋቀውን ገጽ ብቻ እስከ ፕላስቲኩ ፈግፍገው እንዲሁ ይተዉት። በጄት ቅርጹ ሲቀመጥ አብዛኛው ከሥር ተደብቆ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በሞዴሉ ገጽ ላይ የተቀረጹትን መስመሮች በቀጭን ጥቁር ኢናሜል ሞላሁ። በማግስቱ የትከሻው ማጠፊያ ሳልነካው ተሰንጥቆ አገኘሁት።
— ብ.ተ.፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ማጠፊያው ምናልባት ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ተጣጣፊ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ፕላስቲክ ይሠራሉ፣ ምክንያቱም ከተለመደው ፖሊስታይሪን ይልቅ መታጠፍን ይችላል። ነገር ግን ተወጥሮ እያለ የኢናሜል ቲነር ወይም የላይተር ቤንዚን ሲነካው ይሰነጠቃል። ፒን የገባበት ቀለበት ደግሞ ሁልጊዜ የተወጠረ ነው። ቲነሩ በመስመሩ ውስጥ እየሮጠ እስከ ቀለበቱ ይደርሳል፤ ስንጥቁ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ምክንያቱን አያገኘውም።

የቱ ፍሬም ከየትኛው ፕላስቲክ እንደተሠራ ለማወቅ የፍሬሙን ጠርዝ ይመልከቱ፤ በባንዳይ ኪቶች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኤቢኤስ ከሆነ የመስመር ብዕር ወይም በውሃ የሚሠራ ቀለም ይጠቀሙ። ኢናሜል የግድ ካሉ ክፍሉን ይፍቱ፣ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀብተው ያድርቁ፣ መስመሩን ይሙሉ፣ የተረፈውን በስቴኪኒ ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ ይጥረጉ፣ ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ብቻ መልሰው ይግጠሙ። የተሰነጠቀውን ቀለበት ከፒኑ አውጥተው ስንጥቁን በስቴኪኒ ጫፍ በተነካ ጠብታ ሱፐር ግሉ ይዝጉት፤ ሲደርቅ ፒኑን በ800 ትንሽ አቅጥነው ይመልሱት። ያ መገጣጠሚያ እንደ ድሮው ብዙ ጊዜ አይመላለስም፤ አንዱን ቅርጽ መርጠው እዚያ ላይ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ እግሮቹ ላልተው በገርዎክ ቅርጽ አልቆም አለኝ።
— ሠ.መ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ፒኑን ያውጡ፣ ዙሪያውን በስሱ ሱፐር ግሉ ይቀቡ፣ ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁና መልሰው ይግጠሙ። ሳይደርቅ ከገባ ለዘላለም ይጣበቃል። አሁንም ከላላ አንድ ጊዜ ይደግሙ፤ ከጠበቀ በ1000 ይፈግፍጉት። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ብርሃን አሳላፊውን የአብራሪ መስታወት ነጭ ጉም ያለብሰዋልና ከመጀመርዎ በፊት መስታወቱን ከኪቱ ነቅለው ሌላ ክፍል ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ በውሃ የሚለጠፉት ምልክቶች ሁለት ክፍል ላይ የሚያርፉ ከሆነስ?
— ዳዊት፣ ከዱባይ (ሁለተኛ ጥያቄ)

መልስ፦ ምልክቱን ሳይቆርጡ ሁለቱ ክፍሎች በተገጣጠሙበት ይለጥፉት፤ ለ15 ሰከንድ ያህል ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ አንሸራትተው፣ ውሃውን በጆሮ ጥጥ ገፍተው ያውጡ። ሲደርቅ አዲስ ስለት በመጋጠሚያው መስመር ላይ አንድ ጊዜ ይሳቡ፤ አሮጌ ስለት ምልክቱን ይጎትተዋል። ክፍሎቹን ለያይተው የተቆረጠውን ጠርዝ በምልክት ማለስለሻ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ያጥፉት፣ ከዚያ ቫርኒሽ ይርጩበት። ከኪቱ ጋር ለሚመጣው ወፍራም ስቲከር ግን ይህ አይሠራም፤ እሱን ከመለጠፍዎ በፊት በመስመሩ ልክ ለሁለት ይቁረጡት፣ ከእያንዳንዱ ጠርዝም ግማሽ ሚሊ ሜትር ይቀንሱለት፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ለውጥ ጥጉ ይነሳል።