«ካዛንቺስ ሰፈር» ይባላልን?

ጥያቄ፦ «በአንድ መጽሔት የአርትዖት ክፍል እሠራለሁ። በቅርቡ ‹ካዛንቺስ ሰፈር ተወልዶ ያደገው› የሚል ጽሑፍ ደረሰኝና ‹ሰፈር› የሚለውን ቃል ሰረዝኩት። ጸሐፊው ግን ‹ራስ ብሩ ሰፈር ሲባል ያልከፋ፣ ካዛንቺስ ሰፈር ሲባል ለምን ይከፋል?› ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ቃሉ በ‹ሰ› ይጻፋል በ‹ሠ›? በየትኛው ስም ላይስ ይጨመራል? እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ‹ጨርቆስ› የተባለውን ‹ቂርቆስ› ብዬ ማረም ነበረብኝ? በመጨረሻም ካዛንቺስ ከየት እስከ የት እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለአንባቢ ልንገልጽ ፈልገን፣ የክፍሉ ባልደረቦች ሁላችንም የተለያየ ነገር ተናገርን።»

መልስ፦ አጻጻፉ አያከራክርም፤ «ሰፈር» የሚጻፈው በእሳቱ «ሰ» ነው። ግሱ በግእዝ «ሰፈረ» ሲሆን ትርጉሙ «ለካ» ማለት ነው። ይህ ትርጉም በአማርኛም አልጠፋም፤ እህል በቁና ይሰፈራል፣ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል፣ መስፈሪያና መስፈርትም የወጡት ከዚሁ ነው። አማርኛ ግን ለግሱ ሌላም ሥራ ሰጥቶታል። ጦር ይሰፍራል፣ ንብ ይሰፍራል፣ ቃልም ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በዚህ በሁለተኛው በኩል ሰፋሪ፣ ሰፈራ፣ አሰፋፈር እና ስፍራ አሉ። ለጥያቄዎ የሚጠቅመው ይህኛው ወገን ነው፤ ምክንያቱም «ሰፈር» በመጀመሪያ የከተማ ቃል አልነበረም። ተጓዥ ሠራዊት ድንኳኑን የሚተክልበት ቦታ ስም ነበር፤ «ጦር ሰፈር» ስንል ዛሬም የምንናገረው በዚያው በጥንቱ ትርጉም ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተከተለችው የዚህኑ የሠራዊት አሰፋፈር ወግ ነው። የንጉሡ ግቢ ከፍታው ላይ ሆነ፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው ከነጭፍራቸውና ከነሎሌያቸው በየጉብታው ዙሪያውን ሰፈሩ። በመካከላቸው ወንዝ ወይም ገደል ነበረ፤ ቦታውም በባለቤቱ ተጠራ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ ሄደ። መኳንንት ያልሆኑትም በሥራቸው ተጠሩ፤ የእጅ ጥበብ ያላቸው የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ፣ ዘበኞቹ የሰፈሩበት ዘበኛ ሰፈር። ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆው ቆርቆሮ ቤት ሲሆን ስሙ አልተለወጠም።

እንግዲህ የጸሐፊዎ ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። «ራስ ብሩ» የሰው ስም ነው፤ «ሠራተኛ»ም የሰው ወገን ስም ነው። እነዚህን ስሞች የቦታ ስም የሚያደርጋቸው «ሰፈር» የሚለው ቃል ብቻ ስለሆነ ቢነሣ ስሙ ይፈርሳል፤ «ሠራተኛ እኖራለሁ» የሚል ሰው የለም። «ካዛንቺስ» ግን ብቻውን የቦታ ስም ነው። በሌላ በኩል ጃን ሜዳ፣ ሰንጋ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ሳር ቤት የቦታውን ዓይነት የሚናገረውን ቃል ከውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ ተጨማሪ አይፈልጉም። ስለዚህ የእርስዎ እርማት ተገቢ ነው። ሆኖም «ካዛንቺስ ሰፈር» ስሕተት አይደለም፤ ትርፍ ቃል ያለበት ነው፤ ስሕተትና ትርፍ ደግሞ አንድ አይደሉም። ከዚያው ዐረፍተ ነገር ላይ ልብ ያላሉት ግን ሌላ ነገር አለ። በንግግር «ካዛንቺስ ተወለደ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ለኅትመት በሚጻፍ አማርኛ «በካዛንቺስ» ብሎ መስተዋድዱን መመለስ ይገባል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ የሚያስደስተኝን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። «የራስ ብሩ ሰፈር» ሳይሆን «ራስ ብሩ ሰፈር» የምንለው ለምንድን ነው? ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን ቤት «የራስ ብሩ ቤት» ስንል «የ»ን እንይዛለን፤ ከሰፈሩ ስም ላይ ግን ወድቃለች። የቦታ ስም በዕለት ተዕለት ንግግር ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ከ»፣ ከ«በ» ወይም ከ«ወደ» ጋር ነው የሚመጣው። በአማርኛ ደግሞ ከመስተዋድድ በኋላ አገናዛቢዋ «የ» ትዋጣለች፤ «ከየራስ ብሩ ሰፈር» አይባልም፣ «ከራስ ብሩ ሰፈር» ነው። «ከራስ ብሩ ሰፈር መጣሁ፣ ወደ ራስ ብሩ ሰፈር ሄድኩ» ሲሰማ ያደገ ልጅ ስሙን የሚያውቀው ያለ «የ» ነው፤ በኋላም መስተዋድዱን ሲያነሣ «የ»ን የሚመልስበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ «የራስ ብሩ ሰፈር» ሲባል ባለቤትነት ይነገራል፤ «ራስ ብሩ ሰፈር» ሲባል ደግሞ ባለቤቱ ቢሞት፣ ቤቱ ቢሸጥ የማይለወጥ ስም ይጠራል።

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ስሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የቀረ ነው። «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ብሔራዊ ተቋም ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው የሰጡት ምሕጻር ነው። የእኛ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ «ካዛንቺስ» አለው። «ካሳንቺስ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ እኔ ከጣሊያንኛው አነባበብ ጋር ስለሚቀራረብ «ዛ»ን እመርጣለሁ። በዚያው ዘመን የተሠራው ሌላው የቤቶች ሰፈር «ካዛ ፖፖላሬ» ነበር፤ እዚያ ግን ሕዝቡ «ካዛ»ን ጥሎ «ፖፖላሬ»ን አስቀረ። አንደኛው ቤቱን ይዞ ሲቀር ሁለተኛው ቤቱን ጥሎ ቀረ።

ሥረ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው፣ ከካዛንቺስ ላይ «ሰፈር» መጨመር ቤት ላይ ቤት እንደመደረብ ሊመስል ይችላል። በዚህ ግን አልስማማም። «መርካቶ ገበያ» የሚለው ሰው «ገበያ ገበያ» አላለም፤ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ»ም፣ ለገሃር ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ቢሆንም፣ በአማርኛ ድግግሞሽ የለበትም። ባዕድ ቃል የቦታ ስም ሲሆን የውስጥ ትርጉሙ ለተናጋሪው ይዘጋል። እንዲያውም ለገሃር የሚያሳስት ስም ነው፤ ለገዳዲንና ለገጣፎን የሚያውቅ ሰው ሦስቱም «ለገ» ብለው ስለሚጀምሩ ለገሃርንም ከነሱ ወገን ቢቆጥረው አይፈረድበትም። በሁለቱ ውስጥ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ ለገሃር ግን ከወንዝ ጋር ዝምድና የለውም፣ ከባቡር ጋር ነው እንጂ። ከተማዋ ቀድሞ የነበሩትን የኦሮምኛ ስሞች ይዛ ነው የኖረችው፤ ጉለሌ የጎሣ ስም ነው፣ መካኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ነው።

«ጨርቆስ»ን በተመለከተ እባክዎ አይንኩት። ቤተ ክርስቲያኑ በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም የተሰየመ ስለሆነ መነሻው «ቂርቆስ» መሆኑ አያጠያይቅም። ከጉሮሮ የሚወጣው «ቅ» ከ«ኢ» በፊት ሲሆን ወደ ላንቃ ተስቦ «ጭ» ይሆናል፤ ይህም የአዲስ አበባ ልጆች ቧልት አይደለም፤ በትግራይ ያለው ጥንታዊው የውቅሮ ቤተ ክርስቲያን «ውቅሮ ጨርቆስ» ይባላል። ዋናው ምክንያቴ ግን የድምፅ ሕግ አይደለም። ዛሬ ሁለቱ ቃላት ሁለት ነገር ናቸው፤ ቂርቆስ የክፍለ ከተማ ስም ነው፣ ጨርቆስ የሰፈር ስም ነው። ካዛንቺስ ያደገ ሰው መታወቂያው ላይ «ቂርቆስ» የሚል ተጽፎለት ይሆናል፤ «የጨርቆስ ልጅ ነህ?» ቢባል ግን አይደለሁም ይላል። እርስዎ «ጨርቆስ»ን ወደ «ቂርቆስ» ቢያርሙት ኖሮ ሰውየውን ከሰፈሩ አውጥተው አስተዳደር ውስጥ ያስገቡት ነበር።

ከየት እስከ የት ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ያለው በካርታ ሳይሆን በግሶቻችን ውስጥ ነው። ሰው አዲስ አበባ «ይገባል»፣ ደሴ «ይገባል»፤ ወሰን ያለው ነገር ይገባበታልና። ካዛንቺስ ግን በአብዛኛው «ይደረሳል»፤ ፒያሳ «ይወጣል»፤ ሜክሲኮ «ይወረዳል»። በስልክ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎችን ያዳምጡ። «የት ነህ?» «ካዛንቺስ።» «የቱ ጋ?» «ከዑራኤል ስትመጣ አለፍ ብሎ፣ ገባ ብሎ።» «አለፍ ብሎ»፣ «ዝቅ ብሎ»፣ «ከፍ ብሎ»፣ «ጋ»፣ «አካባቢ» የሚሉት ሁሉ ከአንድ ነጥብ የሚለኩ ቃላት ናቸው። የሰፈር ስም በመሠረቱ የነጥብ ስም ነው። ነጥቡ ቤተ ክርስቲያን፣ ድልድይ፣ አደባባይ፣ ዛፍ ወይም ኤምባሲ ሊሆን ይችላል፤ ጉርድ ሾላ በአንዲት ሾላ ተጠርቷል፣ የፈረንሳይ ሌጋሲዮን ያለበት አካባቢም በአጭሩ «ፈረንሳይ» ስለሚባል «ከፈረንሳይ መጣሁ» የሚል ሰው ፓስፖርት ላይኖረው ይችላል። ስሙ ከነጥቡ ላይ ብሩህ ነው፤ እየራቁ ሲሄዱ ይደበዝዝና የሌላው ነጥብ ስም ይረከበዋል። ባልደረቦችዎ የተለያየ ነገር የተናገሩት ስለተሳሳቱ ሳይሆን የተጠየቁት ስሙ ያልያዘውን ነገር ስለሆነ ነው። የግድ መጻፍ ካለብዎ «በዑራኤልና በእስጢፋኖስ አቅራቢያ የሚገኘው ካዛንቺስ» ይበሉ እንጂ «ከ… እስከ…» አይበሉ። አንድ ልዩ የሆነ ቦታ አለ፤ መርካቶ «ይገባል»። በውስጡ ጫማ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ የራሱ የውስጥ ስፍራዎች ስላሉት ይመስለኛል እንደ ከተማ የሚገባበት።

ወሰን የሚወደው አስተዳደር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ከተማዋ በከፍተኛና በቀበሌ ተከፋፍላ ለየመንደሩ ቁጥር ተሰጠ፤ ቁጥሩ መታወቂያና ደብዳቤ ላይ ይጻፍ እንጂ ለሰፈሩ መጠሪያነት እምብዛም አልበቃም። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ ስሞቹ ከሰፈሮቹ ተወሰዱ፤ ነጥብ የነበረው ስም በግድ ሜዳ ሆነ። ከነዚህ ውስጥ የምወደው «ንፋስ ስልክ» ነው፤ የሬዲዮ መልእክት ያለ ሽቦ ሲተላለፍ ያዩ ሰዎች በነፋስ የሚሄድ ስልክ ብለው ለጣቢያው ያወጡለት ስም ነው። ዛሬ የሚወጡት ስሞች ደግሞ የቁጥሩን ቦታ ቀይረውታል። «አራት ኪሎ»፣ «ስድስት ኪሎ» ስንል ቁጥሩ ይቀድማል፤ እንደ መጠን ነው። «ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት» ስንል ግን ይከተላል፤ እንደ መለያ ነው።

ከሰፈር ስሞች መካከል ሰውን መግለጽ የጀመሩም አሉ። አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያና አካባቢው ስም ነበረ፤ «የአራዳ ልጅ» ሲባል ቆይቶ «አራዳ ነው» ተባለ፣ ከዚያም «አራዳነት» መጣ፣ «ፋራ» ተቃራኒው ሆነ። ዛሬ አራዳን ረግጦ የማያውቅ ሰው አራዳ ሊባል ይችላል። ለአርታኢ የሚጠቅመው ምክር፣ ቅጽሉን ከቦታው ስም ለመለየት ዐውዱን መመልከት ብቻ ነው፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ሌላ መንገድ የለም።

ጽሑፉ «ተወልዶ ያደገው» ስለሚል፣ ሰውየው አሁን እዚያ ላይኖር እንደሚችል እገምታለሁ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስም አብዛኛው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ከዚያ የወጡትን ነዋሪዎች ጋዜጦቻችን «የልማት ተነሺ» ይሏቸዋል። ቃሉ ቢሮ ውስጥ የተፈጠረ አዲስ ቃል ይምሰል እንጂ ጥንታዊ ጓደኛ አለው። በጥንቱ የሠራዊት አነጋገር የ«ሰፈረ» ተቃራኒ «ተነሣ» ነበር፤ ጦሩ ማታ ይሰፍራል፣ ማለዳ ይነሣል። ጸሐፊዎ «የካዛንቺስ ተነሺ» ብሎ ከጻፈ አይሰርዙበት፤ «ሰፈር» ሳይጨምር ጽፎታልና።