የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሃሱይ ሰማይ

ጥያቄ፦ እዚህ ጅማ በአንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ያየሁት የጃፓናዊው ሠዓሊ የካዋሴ ሃሱይ የዝናብ ሥዕል በእንጨት የታተመ ነው ተባልኩ። ታዲያ ሰማዩ እንዴት ቀስ በቀስ ሊደበዝዝ ቻለ?

መልስ፦ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን መጠየቁ አያስደንቅም። ሃሱይ ንድፉን ያወጣ፣ ጠራቢው በቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጸው፣ አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ሥራውን ይመራ ነበር፤ የጠየቁት ሰማይ ግን የአታሚው እጅ ውጤት ነው። አታሚው ቀለሙን በእርጥብ ሰሌዳ ላይ ከአንድ ወገን አድምቆ ወደ ሌላው እያሳሳ በብሩሽ ከቀባ በኋላ፣ ወረቀቱን አንጥፎ ጀርባውን በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ክብ መፈተጊያ ያሸዋል። ይህንም ለየቅጂው ስለሚደግመው፣ ሁለት ሰማዮች ፍጹም አንድ አይሆኑም፤ በእኔ አስተያየት የጥበቡ ዋና ውበት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው እሳት የዋታናቤን ሰሌዳዎች ስላወደመ፣ ከዚያ በፊት የታተሙት ዛሬ ብርቅ ናቸው።