ቀይ ጭራዎቹ
ጥያቄ፦ ቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን፣ ለኛ ጣልያንን የተዋጋው ጥቁር አሜሪካዊ ፓይለት የ99ኛው ስኳድሮን፣ የአሜሪካ ጦር የጥቁር ፓይለቶች ቡድን፣ አባል ነበር ይለኛል፣ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ሰውየው ጆን ሮቢንሰን ነው፣ አሜሪካ ቱስኬጊ የሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት ተምሮ በወረራው ጊዜ እዚህ መጥቶ የጃንሆይን አየር ኃይል የመራ፣ ስኳድሮኑ ግን የተቋቋመው ከዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፣ ያውም ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር አይችልም በሚባልበት ዘመን! እኔን በጣም ደስ የሚለኝ የስኳድሮኑ ፓይለቶች በ1943 ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጉት የት መሰለህ፣ ፓንቴለሪያ የምትባል የጣልያን ደሴት ላይ። ከአንድ ወር በኋላ ጁላይ 2 ከነሱ አንዱ ቻርልስ ሆል ፎከ ቩልፍ የሚባል የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሲሲሊ ሰማይ ላይ መትቶ ጣለ፣ የስኳድሮኑ የመጀመሪያ ድል። ቀይ ጭራዎቹ ያስባላቸውን የአውሮፕላኖቻቸውን ጭራ ቀይ የቀቡት በ1944 ከ332ኛው ግሩፕ፣ ከሌሎቹ የጥቁር ተዋጊ ፓይለቶች ክፍል፣ ጋር ሲቀላቀሉ ነው። ሮቢንሰንም ተመልሶ መጥቶ ልጆቻችንን በረራ ሲያስተምር ኖሮ በ1954 እዚሁ አዲስ አበባ አረፈ።