ቦይለሩን ከመቀየርሽ በፊት ራዲያተሩን ዳስሺው

እህቴ፣ «ሳሎን ይሞቃል፣ ሻወሩም ሙቅ ነው፣ ፎቅ ላይ ግን የልጆቹ ክፍል ራዲያተር በረዶ ሆኗል፤ የመጣው ባለሙያ ቦይለሩ ይቀየር አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው የምመልሰው። እዚሁ ለንደን እኔም ቤት ቁርጥ ይሄው ነበር። ሰውዬው ራሱ ይሆን እንዴ ብዬም ጠርጥሬያለሁ።

ባጭሩ፣ እንዳትፈርሚ። ሳሎንሽ እየሞቀ፣ ሻወርሽ እየሞቀ ቦይለሩ ምን በደለ? ውሃውን አሙቆ ልኳል። የተላከው ውሃ ነው የልጆቹ ክፍል ያልደረሰው።

1. መጀመሪያ ዳስሺ። ሂቲንጉን አብሪና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቂ። ከዚያ ራዲያተሩን ከላይም ከታችም፣ ግራና ቀኝ የሚገቡትንም ቧንቧዎች በእጅሽ ሞክሪ። ቀስ ብለሽ ታዲያ፣ የሞቀ ቧንቧ ያቃጥላል። ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ከሞቀ አየር ነው። ላዩና ዳር ዳሩ ሞቆ ታች መሃሉ ከቀዘቀዘ ዝቃጭ ነው፤ ብረቱ ከውስጥ እየዛገ ስሩ ላይ ይተኛል። አንዱ ብቻ ከእግር እስከ ራሱ ከቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ ቫልቩ ነው። ሁሉም ከቀዘቀዙ ያኔ ስለ ፓምፕና ስለ ቦይለር እናወራለን።

ለዚህ መዳፍ ይበቃል። እኔ ቤት የመጣው «ኢንጂነር» ግን ፎቅ እንኳን አልወጣም። ጫማውን ማውለቅ አልፈለገም መሰለኝ። ኩሽና ቆሞ የቦይለሩን ሽፋን ቀና ብሎ አየ፣ «አርጅቷል» አለ፣ ታብሌቱን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ከ2,000 ፓውንድ በላይ! ያውም ቅናሹ እስከ አርብ ብቻ ነው ተባልኩ። «ወንድሜ፣ የቀዘቀዘው እኮ ፎቅ ያለው ነው፣ ውጣና እየው» ብለው «አያስፈልግም፣ ልምድ አለኝ» አለኝ። ቡናዬን ግን ጠጥቶ ነው የሄደው።

2. አየር ከሆነ ቀላል ነው። የራዲያተር ቁልፍ የትም የቤት ዕቃ መሸጫ ይገኛል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሂቲንጉን አጥፊና ራዲያተሩ ይቀዝቅዝ። ጫፉ ላይ ያለችውን አራት ማዕዘን ብሎን ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራ አዙሪ። ስስስ ይላል። ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ዝጊ። ፎጣና ጣሳ ያዢ፣ ውሃው ምንጣፍ ላይ ካረፈ አይለቅም።

ይሄን ስትጨርሺ ቦይለሩ ላይ ያለውን የፕሬሸር (የውሃ ግፊት) መለኪያ እዪ። አየር ሲወጣ ይወርዳል። ሂቲንጉ ቀዝቃዛ ሳለ መርፌው አብዛኛውን ጊዜ በ1 እና በ1.5 ባር መሃል መሆን አለበት። ኮምቢ ቦይለር፣ ማለትም ያለ ታንከር ሻወሩንም ራዲያተሩንም የሚያሞቀው፣ ነው ያለሽ ብዬ ነው፤ ጣሪያ ስር ታንከር ካለሽ ነገሩ ሌላ ነው። ከ1 በታች ከወረደ ቦይለሩ አጠገብ ሽቦ የለበሰች ቱቦ አለች፤ ቫልቮቿን ቀስ አድርገሽ ከፍተሽ ሙዪ፣ ሲደርስ ሁለቱንም ዝጊ። ጎረቤቴ ከፍታ ስልክ ስታነሳ ረስታው 3 ባር ገባ፣ የደህንነት ቫልቩ ተከፈተና ውሃውን ውጭ ግድግዳው ላይ ተፋው። ስለዚህ ስልክ ቢጠራም አታንሺ።

3. ቫልቩ። ያንቺም ይሄ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ራዲያተሩ ጎን ከ0 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበት ጭንቅላት አለ አይደል? ሁላችንም በጋ ሲመጣ እንዘጋዋለን። ውስጡ ያለችው ትንሽ ፒን ወራት ሙሉ ተጭና ትከርምና እዚያው ትጣበቃለች። ብርዱ ሲገባ 5 ላይ ብታደርጊው ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ፒኗ ግን አትነሳም። ውሃ አያልፍም። በቃ።

እኔን ያዳነኝ ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው፣ በቧንቧ ሥራ ያረጀ ወንድማችን ነው። በቪዲዮ እያየኝ አሠራኝ። ጭንቅላቱን 5 ላይ አድርጊ፣ ስሩ ያለውን ቀለበት በእጅሽ ፍቺ፣ ጭንቅላቱ ይወጣል። ውሃ አይፈስም፣ አትፍሪ። ፒኗ ትታይሻለች። በመፍቻ ጠፍጣፋ ጎን ጫን አድርጊያት፤ ወርዳ በራሷ ተመልሳ ብቅ ማለት አለባት። የኔዋ ንቅንቅ አላለችም። የቫልቩን ጎን በመፍቻው እጀታ ኳ ኳ አድርጌ ደግሜ ስጫናት ጠቅ አለችና ብድግ አለች። ቧንቧውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እጄ ስር ሲሞቅ ተሰማኝ፣ ከዚያ መያዝ አቃተኝ። ባለቤቴ «መካኒኳ» እያለ ሲስቅብኝ የነበረው ሰውዬ ልጆቹን ጠርቶ አሳያቸው።

አንድ ነገር፣ በፒንሳ ይዘሽ እንዳትጎትቻት። ተነቅላ ከወጣች ውሃው ፊትሽ ላይ ነው። ካልተነሳች ቫልቩን ባለሙያ ይቀይረዋል፤ እሱም ከቦይለር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ወደዚያ ካምፓኒ ደወልኩ። ለመጡበት ያስከፈሉኝን ይመልሱልኛ! ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ መጀመሪያ በሙዚቃ አደነቆረችኝ፣ ከዚያ «ማዳም፣ ምርመራ ተደርጎልሻል» አለችኝ። የቱ ምርመራ? ፎቅ ያልወጣ ሰው! «አንቺ የጋዝ ባለሙያ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለሁም፣ ግን የልጆቼ ክፍል ሞቋል አልኳት። ዘጋችብኝ። ብሩን እስካሁን አልመለሱም፣ የቦይለር ማስታወቂያ ግን አሁንም በፖስታ ይልኩልኛል።

4. በራዲያተሩ በሌላኛው ጫፍ የፕላስቲክ ቆብ ያለው ቫልቭ አለ። እሱ የሚያልፈውን ውሃ መጠን ይወስናል። ቀለም የቀባ ሰው ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ስንት ዙር እንዳዞርሽው ሳትጽፊ አትንኪው።

5. ዝቃጭ ከሆነ። አየር ስታስወጪ የሚወጣውን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ያዢ። ጀበና ስር እንደቀረ አተላ ከጠቆረ፣ የፍሪጅ ማግኔት ከብርጭቆው ውጭ አስጠጊ። ጥቁሩ ወደ ማግኔቱ ከተሰበሰበ የብረት ዝገት ነው። አንድ ራዲያተር ብቻ ከሆነ ነቅሎ ግቢ አውጥቶ በጎማ ማጠብ ይቻላል። ብዙ ከሆኑ መላው መስመር ይታጠባል፣ ማግኔት ያለው ማጣሪያና የዝገት መከላከያ መድኃኒትም ይጨመርበታል። ሳይታጠብ አዲስ ቦይለር ማስገባት ያንን ጭቃ አዲሱ ማሽን ውስጥ መክተት ነው። ይሄንንም ያ «ባለ ልምድ» አላነሳውም።

የቦይለሩን ሽፋን ግን ራስሽ እንዳትከፍቺ። ያ የጋዝ ሥራ ነው፣ በሕግም ጋስ ሴፍ የሚባለው የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚነካው። ካርዱን አሳየኝ በዪው፤ ፎቶው ፊት ለፊት ነው፣ የትኛውን ሥራ እንደተፈቀደለት የሚያሳየው ጀርባው ነው፣ ገልብጠሽ አንብቢ። ኮርጊ ነኝ የሚልሽ ካለ ያ የድሮው መዝገብ ነው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። የጋዝ ሽታ ከሸተተሽ መስኮት ከፍተሽ ውጪና 0800 111 999 ደውዪ።

የራሳችሁ ቤት ነው ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። ኪራይ ከሆነ በ1985ቱ (እ.ኤ.አ.) የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 መሠረት ሂቲንጉን የማስጠገን ግዴታ የአከራዩ ነው። በስልክ አትጨቃጨቂ፣ በኢሜይል ጻፊ፣ ቀኑ ይኑርበት።

አሁን ውጪና ዳስሺው፤ የቫልቩንና የፕሬሸር መለኪያውን ፎቶ እዚሁ ስር ለጥፊልኝ። ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ አየዋለሁ።