ፕሮቲን ለወደደችና ቤተ ሙከራ ላጣች ተማሪ

ውድ እህቴ፣

የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ፤ የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ የምታስገቢበት ቀን ደርሷል። ፕሮቲን ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ፣ ግን ዲፓርትመንታችሁ ፕሮቲን የሚያጣራበት መሣሪያ የለውም። ጓደኞችሽ ደግሞ «የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብየው ፕሮግራም አልፋፎልድ ሁሉን ጨርሶታል፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ብትገቢ ይሻልሻል» እያሉሽ ነው።

እኔ አትውጪ ነው የምልሽ። የአልፋፎልድ ሰዎች፣ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲጋሩ ይገባቸዋል ብያለሁ። ፕሮግራሙ ግን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሃዶች፣ ከአሚኖ አሲዶች፣ ቅደም ተከተል ተነስቶ ቅርጽ ይተነብያል እንጂ አንዷ አሚኖ አሲድ ስትቀየር ምን መዘዝ እንደምታመጣ አይነግርሽም።

በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንን እይ። ቤታ ሰንሰለቱ 146 አሚኖ አሲድ አለው። 6ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ሲተካ የሲክል ሴል በሽታ ይመጣል። እጥፋቱ፣ ማለትም ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የሚይዘው ቅርጽ፣ ግን አልተበላሸም፤ ጤነኛውንና የተለወጠውን ጎን ለጎን ብታስቀምጪ ለዓይን አይለዩም። የተለወጠው የውጭ ገጹ ነው። ግሉታሚክ አሲድ ውሃ ይስማማዋል፣ ቫሊን ውሃ ይሸሻል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ ያቺ ቫሊን የጎረቤቱ ሞለኪውል ላይ፣ በ85ኛው ፌኒልአላኒንና በ88ኛው ሉሲን መካከል ካለች ጎድጓዳ ቦታ ትሰካለች። አንዱ በአንዱ ላይ እየተጣበቀ ረጅም ክር ይሆናል፤ ቀይ የደም ሴሉም እንደ ማጭድ ይጎብጣል።

ሳንባን በሚጎዳው የዘር በሽታ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሲኤፍቲአር (CFTR) ከሚባለው ፕሮቲን 1480 አሚኖ አሲዶች 508ኛዋ ብቻ ስትጎድል ፕሮቲኑ በወጉ መታጠፍ ያቅተዋል፤ ሥራ ቦታው የሆነው የሴሉ ሽፋን ጋ ሳይደርስም ሴሉ ያስወግደዋል። ስለዚህ ለዚህኛው እጥፋቱን የሚደግፉ መድኃኒቶች ተሠሩለት። ለሲክል ሴል ያ ዓይነት መድኃኒት አይፈይድም፣ የታጠፈው በትክክል ነዋ።

ለማስተርስ አመልካቾች ቃለ መጠይቅ ላይ ስቀመጥ የምፈልገው ይህን መለየት የሚችል ሰው ነው፤ ለውጡ እጥፋቱን አፈረሰው ወይስ ገጹን ብቻ ቀየረው? ሶፍትዌር ማስኬድ የሚችል ሞልቷል።

ርዕስሽን ከአገራችን ውሰጂ። በሰሜን ኢትዮጵያ በተገኙ የወባ ተህዋሲያን ኬልች13 በሚባለው ፕሮቲን 622ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን በአይሶሉሲን ተተክቷል። ለውጡ የወባ መድኃኒቱን አርቲሚሲኒንን ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ነው፤ ለወባ የሚሰጠው የኮአርተም አንዱ ንጥረ ነገር የአርቲሚሲኒን ዘር መሆኑን ታውቂያለሽ። እጥፋቱን ያላላዋል ወይስ ገጹን ይቀይራል? ለአንድ የመመረቂያ ጥናት ከበቂ በላይ ጥያቄ ነው። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለሽ ቅደም ተከተሉን ከፕሮቲን መዝገቡ ከዩኒፕሮት፣ የቅርጽ ማሳያ ፕሮግራሙን ካይሜራኤክስንም በነፃ ታገኛለሽ። የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን ማታ ማታ ተማሪ፣ ለዚያ ዲፓርትመንት መቀየር አያስፈልግም። ለኢንተርንሺፕ ወባ ላይ የሚሠሩትን አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትንና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ጠይቂ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፣ ሁለት ገጽ ጽፈሽ ያዢ።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቂ። ለመለማመድ ቤታ ግሎቢንን፣ ያንኑ የሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት፣ ዩኒፕሮት ላይ ከፍተሽ 6ኛውን ብትቆጥሪ ፕሮሊን ነው የምታገኚው፤ ግሉታሚክ አሲዱ 7ኛ ላይ ነው። መዝገቡ ኋላ ተቆርጦ የሚወድቀውን የመጀመሪያውን ሜቲዮኒን ስለሚቆጥር ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ተሳስቶ ጥናቱን በሙሉ ያበላሻል።

ሁለቱን ገጽ ስትጨርሺ ለአማካሪሽ ከመስጠትሽ በፊት ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።