ከ“ኢንስቶል” ቁልፉ ጀምር

ሰላም ወንድሜ። ለመመረቂያ ፕሮጀክትህ የኡቡንቱን፣ ማለትም የአንዱን ሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የመተግበሪያ መደብር ለተጠቃሚ በሚመች መልኩ እንደ አዲስ ልሠራ ነው፣ ከየት ልጀምር ብለህ ጠይቀሃል። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአምስት ዓመት ሊኑክስ ስጭንና ስጠግን ነበርና ያየሁትን ልንገርህ።

የፊት ገጹን ለጊዜው ተወው። ሁሉም የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከኡቡንቱ 9.10 ሥሪት ጋር የመጣው ሶፍትዌር ሴንተር የተባለ መደብር በ16.04 ሥሪት በኖም ሶፍትዌር ተተካ፤ በ23.10 ደግሞ ፍላተር በሚባል የመተግበሪያ መሥሪያ የተሠራው አፕ ሴንተር መጣ። መልኩ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በእኔ አምስት ዓመት ግን መደብር ከፍቶ ዝም ብሎ የሚያስስ ሰው አላየሁም። ሰው የሚመጣው ሥራ ይዞ ነው።

አንድ ቀን አንዲት የሒሳብ መምህርት ሁለት ፒዲኤፍ አንድ ላይ ማያያዝ ፈልገው መጡ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አያለሁ። መደብሩ ውስጥ ፈለጉ፤ ስሙም ምልክቱም አንድ የሆነ መተግበሪያ ሁለት ቦታ ተደርድሯል። የላይኛውን ከፍተው “ኢንስቶል” የሚለውን ነኩ። ክብ ምልክቱ መዞር ጀመረ። ስንት ሜጋባይት እንደወረደ፣ ስንት እንደቀረ አይልም። ኢንተርኔቱ ከራሳቸው ስልክ የተከፈተ ሆትስፖት ነው። ጥቂት ጠብቀው ዞር አሉና “ልጄ፣ እየጫነ ነው ወይስ ዝም ብሎ እየዞረ ነው?” አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥቅላቸው ካለቀ በኋላም ያ ክብ ይዞር ነበር።

ስለዚህ ቁልፉ ላይ መጀመሪያ ልትጽፍ የሚገባህ ጠቅላላ የሚወርደውን መጠን ነው። የመተግበሪያውን መጠን ብቻ ማለቴ አይደለም። ስናፕም ሆነ ፍላትፓክ (ሁለቱም የሊኑክስ መተግበሪያዎች ታሽገው የሚቀርቡባቸው ዓይነቶች ናቸው) መጀመሪያ ሲጫን የጋራ መሠረቱን አብሮ ስለሚያወርድ፣ ትንሽ የሚመስለው ነገር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊጎትት ይችላል። መስመር ከተቋረጠም “እዚህ ድረስ ወርዷል፣ ከዚሁ ይቀጥላል” የሚል ግልጽ ቃል ይኑር። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የዴብ ፋይልም (ኡቡንቱ ላይ መተግበሪያ የሚጫንበትን ፋይል) አትርሳ። አፕ ሴንተር በ23.10 ሲወጣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ የዴብ ፋይል መጫን አይችልም ነበር፤ እኛ አገር ግን ብዙ ሰው ሶፍትዌር የሚያገኘው እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ ቃላቱ። አንዱን መተግበሪያ በሁለት ዓይነት አቅርቦ “ስናፕ” እና “ዴቢያን” (ዴብ ማለት ነው) ብሎ ማስመረጥ ለመምህርቷ ምንም አይነግራቸውም። እሳቸው ማወቅ የሚፈልጉት ማን እንደሠራው፣ የትኛው አዲስ እንደሆነና የትኛው ትንሽ እንደሚያወርድ ነው። የቃል ስህተት ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የስናፕ መተግበሪያዎች በሚቀርቡበት ስናፕ ስቶር ላይ “ኤክሶደስ” በሚል ስም የገባ ሐሰተኛ የቢትኮይን ቦርሳ አንድ ተጠቃሚን 9 ቢትኮይን አሳጥቶታል። መደብሩ መተግበሪያውን “ሴፍ” ይለው ነበር። ቃሉ ለማለት የፈለገው ከሌላው ሲስተም ተነጥሎ ይሠራል ነው፤ የሚያነበው ሰው ግን “ታማኝ ነው” ብሎ ይረዳዋል። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሌላ የሊኑክስ ሲስተም በዚያው ዓመት በወጣው ሚንት 22 ላይ ባለቤትነታቸው ያልተረጋገጠ ፍላትፓኮችን በነባሪው እንዳይታዩ አድርጓል። እኔ ይህን ትክክል እላለሁ፤ አንተም እንደዚያው አድርግ።

የኮከብ ደረጃና አስተያየት በኋላ ይደርሳል።

ፍለጋው ላይ ግን ጊዜህን አትቆጥብ። “ኤቪንስ” የሚል ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው “ፒዲኤፍ ማንበቢያ” ብሎ ነው የሚጽፈው። የዴብና የፍላትፓክ መተግበሪያዎች ለመደብር የሚገለጹበት፣ አፕስትሪም የሚባል የመረጃ ቅርጽ የመፈለጊያ ቃላት ማስገቢያ አለው፤ በየቋንቋውም መተርጎም ይቻላል። ለሊብሬኦፊስ ራይተር “ደብዳቤ”፣ “ጽሑፍ መጻፊያ”፣ “ዎርድ” ብለህ ልታስገባ ትችላለህ። ተማሪዎችና መምህራን ሲፈልጉ በአማርኛ የጻፏቸውን ቃላት እየመዘገብኩ ስለነበር ዝርዝሩ በእጄ አለ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና እልክልሃለሁ።