በፊት የዕቃ መጫኛ ላይ የብስክሌት መብራትን አጥብቆ ስለ ማሰር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከፊት ጎማው በላይ የዕቃ መጫኛ የተገጠመለት ብስክሌት አለኝ። ቦርሳ ስጭንበት በመሪው ላይ ያለው መብራት የሚያበራው ቦርሳውን እንጂ መንገዱን ስላልሆነ፣ መብራቱን ወደ መጫኛው የፊት ጫፍ አውርጄ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። ይሁን እንጂ ወጣ ገባ በሆነ መንገድ ላይ ጥቂት እንደ ሄድኩ አንገቱን ይደፋና ብርሃኑ ከጎማው ሥር ይቀራል። ማሰሪያውን ደጋግሜ ባጠብቀውም ለውጥ አላገኘሁም። ሳይነቃነቅ እንዲቆም ምን ቢደረግ ይሻላል?

መልስ፦ መብራቱን ወደ መጫኛው ማውረድዎ ትክክል ነው፤ መስተካከል ያለበት አስተሳሰሩ ነው። የመጫኛው ዘንግ ክብና ለስላሳ ሲሆን የመብራቱ ክብደት ደግሞ ወደ ፊት ያጋደለ ነው። በዚህ ምክንያት ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር መብራቱ በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ እየዞረ ይደፋል። የፕላስቲክ ማሰሪያ ዕቃው ከቦታው እንዳይለይ ሊይዝ ይችላል፣ እንዳይዞር ለመከልከል ግን አቅም የለውም። አጥብቆ መሳቡም ለጊዜው ቢረዳ እንኳ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው እየደረቀ ስለሚሄድ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይበጠሳል።

ይህን ጉዳይ በጥብቅ የማነሣው ከብርሃኑ መዛባት የባሰ አደጋ ስላለው ነው። ከፊት ጎማ በላይ የተሰቀለ ዕቃ ተፈትቶ ቢወድቅ የሚያርፈው በሚሽከረከረው ጎማ ላይ፣ ወይም በጎማውና በሹካው (ጎማውን ከሁለት ጎን አቅፎ በሚይዘው የብስክሌቱ ክፍል) መካከል ነው። የፊት ጎማ በድንገት ሲያዝ ደግሞ የብስክሌቱ ኋላ ይነሣና ነጂው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ቦታ የሚታሰር መብራት በብረት ብሎን መያዝ አለበት፤ ብሎኑ ቢከዳ ደግሞ የሚያስቀረው ሁለተኛ መያዣ ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉ አስቀድመው መጫኛውን ከፊት በኩል በጥንቃቄ ይመልከቱት። ብዙ መጫኛዎች ለመብራት ተብሎ የተበየደ፣ ለ5 ወይም ለ6 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆን ቀዳዳ ያለው ትንሽ የብረት ጆሮ አላቸው። ይህ ካለ የሥራው ግማሽ አልቋል፤ የመብራቱን እግር በቀጥታ እዚያ ላይ ያስሩታል። ከሌለ ግን ዘንጉን ለመብሳት አይሞክሩ። የመጫኛ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ፣ በተለይም ውስጡ ክፍት ቱቦ ከሆነ፣ በተበሳበት ቦታ ይዳከማል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ቀዳዳ ጠርዝ ነው።

ጆሮ ለሌለው መጫኛ እኔ የምመርጠው ዘዴ መብራቱን በአንድ ዘንግ ላይ ከማንጠልጠል ይልቅ ሁለት ዘንጎችን በሚያገናኝ ሰሌዳ ላይ ማሰር ነው። 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ወይም የብረት ቁራጭ ጎን ለጎን በሚሄዱት ሁለት ዘንጎች ላይ ይጋደምና በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ውስጡ ጎማ በለበሰ የብረት ፋሼታ (ዘንጉን ዙሪያውን አቅፎ በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ) ይታሰራል። ፋሼታው የሚመረጠው በዘንጉ ልክ ነው፤ የመጫኛ ዘንግ በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት መለካት ያስፈልጋል። ሰሌዳው በሁለት ቦታ የተያዘ በመሆኑ በአንዱ ዘንግ ዙሪያ ልዙር ቢል ሌላው ይከለክለዋል፤ አንድ ፋሼታ ምንም ያህል ቢጠብቅ ይህን ጥቅም አይሰጥም። በተቻለ መጠን ሰሌዳው ዘንጎቹ ከተበየዱበት መገጣጠሚያ አጠገብ ይሁን፣ መብራቱም ከሰሌዳው ብዙ ወደ ፊት አይውጣ። መብራቱ በረጅም ክንድ ላይ በራቀ መጠን እያንዳንዱ ንዝረት በብሎኑ ላይ የሚያሳድረው ጫና ይበዛል።

መብራትዎ ለመሪ ተብሎ የተሠራ ማቀፊያ ያለው ከሆነ ሌላ ችግር ይገጥምዎታል። እንዲህ ያሉ ማቀፊያዎች የሚሠሩት እንደ 22.2፣ 25.4 ወይም 31.8 ሚሊሜትር ላሉ የመሪ ውፍረቶች ስለሆነ የመጫኛውን ቀጭን ዘንግ አጥብቀው ሊይዙ አይችሉም። ብዙ ሰው ክፍተቱን ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ጥቅል ይሞላዋል፤ ወፍራም የጎማ ጥቅል ግን በተጨመቀ ቁጥር እየሸሸ ስለሚሄድ መልሶ ይላላል። የሚበጀው 22 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አጭር ጠንካራ ቱቦ በሰሌዳው ላይ በአግድም በብሎን ማሰርና የመብራቱን ማቀፊያ በእርሱ ላይ መግጠም ነው። ይህን አጭር ቱቦ መብሳት አያሰጋም፤ ክብደት የሚሸከመው መጫኛው ነውና።

ብሎንን የሚያላላው በዋነኛነት የታሰሩት ነገሮች በንዝረት ምክንያት ወደ ጎንና ጎን መንሸራተታቸው ነው። ስለሆነም በውስጡ የናይሎን ቀለበት ያለው ዳዶ ይጠቀሙ፣ ከሥሩም ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) ያድርጉ፤ የመብራቱ እግር በአንድ ብሎን ብቻ የሚያዝ ከሆነ በእግሩና በሰሌዳው መካከል ጥርስ ያለው ሮንዴላ ማስገባት መዞርን ይከላከላል። ቀዳዳው ራሱ የብሎን ጥርስ ኖሮት ዳዶ የማይቀበል ሲሆን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ይበቃል። ይሁን እንጂ ማጣበቂያው የመብራቱን የፕላስቲክ አካል እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ የፕላስቲክ ዓይነቶችን ያሰነጥቃልና። ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን ብረትን ከብረት ሲያስር 5 ኒውተን ሜትር ያህል ጥብቀት ይበቃዋል፤ ፕላስቲክ መሐል ካለ ግን የመብራቱ አምራች የሚለውን መከተል ይሻላል።

ለሁለተኛው መያዣ ቀጭን የብረት ገመድ ወይም ጠንካራ ሲባጎ በመብራቱ እግርና በመጫኛው ዘንግ ዙሪያ አዙረው ይሰሩ። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ርዝመቱ ነው። መብራቱ ከብሎኑ ቢላቀቅ እንኳ ጎማውን ሳይነካ እንዲንጠለጠል ገመዱ አጭር መሆን አለበት፤ እስከ ጎማው የሚደርስ ገመድ ከምንም አይሻልም።

ብርሃኑን የሚያስተካክሉት ቦርሳው ተጭኖ፣ እርስዎም ተቀምጠውበት ነው፤ ክብደቱ የብስክሌቱን አቋም ይለውጠዋልና። ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁሙ፤ የብርሃኑ የላይኛ ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከመብራቱ ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ካረፈ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን አይወጋም። በመጫኛ ላይ ያለ መብራት በመሪ ላይ ካለው ዝቅ ስለሚል የጉድጓዶችና የጠጠሮች ጥላ ረዘም ብሎ ይታይዎታል። መጀመሪያ ላይ ትንሹ ጉድጓድ ትልቅ ይመስላል፣ ዓይን ሲለምደው ግን የመንገዱን ገጽ ለማንበብ ይረዳል።

ሁሉም ሲያልቅ በዳዶውና በሮንዴላው ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በቀለም ያስምሩ። መስመሩ ተቆርጦ ከታየ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ስለዚህ መፍቻ ሳያነሡ ከጉዞ በፊት በዓይን ብቻ ለማወቅ ይቻላል። የፊት ጎማውን 10 ሴንቲሜትር ያህል አንሥተው ጥቂት ጊዜ መሬት ላይ ቢለቁትም የላላ ነገር በድምፁ ይታወቃል። የቦርሳው ማሰሪያ ጫፎች በመብራቱ ፊት እንዳይንጠለጠሉም ይጠቅልሏቸው።

ጥያቄ፦ የእኔ መብራት የሚሠራው ጎማው ሲዞር ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ዲናሞ ነው። ከመጫኛው ሥር ገልብጬ ባስረው ቦርሳው አይጋርደውም ብዬ አስቤአለሁ። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ይህ በመብራቱ ዓይነት ይወሰናል። ብርሃኑ ክብ ሆኖ እኩል የሚበተን ከሆነ ቢገለበጥም ልዩነት የለውም። ነገር ግን ብዙ የዲናሞ መብራቶች ብርሃኑን ከላይ ቆርጠው ወደ መንገዱ እንዲያወርዱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ ሲገለበጡ የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ታች ይሆንና ብርሃኑ ወደ ሰው ዓይን ይወጣል። ከዚህም ሌላ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሥሩ ያለው መብራት ሲገለበጥ ቀዳዳው ወደ ላይ ዞሮ ዝናብ ያስገባል። አምራቹ ተገልብጦ እንዲታሰር የፈቀደው ካልሆነ በስተቀር ከመጫኛው ፊት ቀጥ ብሎ ቢቆም ይሻላል። ከመሬት ያለውን ከፍታም ያስቡበት፤ ለምሳሌ የጀርመን ደንብ የብስክሌት የፊት መብራት ከ400 እስከ 1,200 ሚሊሜትር ባለው ከፍታ መካከል እንዲሆን ያዝዛል።

ሽቦውን በተመለከተ፣ በአንዳንድ የዲናሞ አሠራሮች ከዲናሞው የሚወጣው ሽቦ አንድ ብቻ ሲሆን ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በብስክሌቱ ብረት በኩል ነው። መብራቱን ጎማ በለበሰ ፋሼታ ወይም በቀለም በተሸፈነ ሰሌዳ ላይ ሲያስሩት ይህ መመለሻ መንገድ ሊቋረጥና መብራቱ ሊጠፋ ይችላል፤ መፍትሔው ሁለተኛ ሽቦ ከመብራቱ እስከ ዲናሞው መዘርጋት ነው። ዲናሞው በፊት ጎማው ላይ ሆኖ መጫኛው የተያዘው በሹካው ላይ ከሆነ ሽቦው ከመሪው ጋር አብሮ ስለሚዞር ብዙ ትርፍ አያስፈልገውም። በብስክሌቱ ዋና አካል ላይ የተያዘ ከሆነ ግን፣ መብራቱ ከመሪው ጋር ስለማይዞር፣ መሪውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ መጨረሻው አዙረው ሽቦው የማይወጠርበትን ርዝመት ይለኩ፤ ትርፉንም ወደ ቸርኬው ሽቦዎች እንዳይገባ በሹካው ላይ በሁለት ቦታ ይሰሩት።